ብሮድዌይ ላይ መብራቱን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ነው ወይስ ኮምፒውተር?

የሰገነቷ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት ኒውዮርክ ብሮድዌይ፣ ዋልተር ከር ትያትር ገብቼ «ሄዲስታውን» የሚባለውን ሚዩዚካል (በዘፈን የሚተረክ ትያትር) አየሁ። የደረሰኝ ወንበር የላይኛው ሰገነት ላይ ነበር። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። በኋላ ግን ጨርሶ አልቆጨኝም፤ ከታች የተቀመጠ ሰው የማያየውን፣ ወለሉ ላይ የሚወድቀውን የብርሃን ቅርጽ ሁሉ ከላይ ሆኜ ስመለከት አመሸሁ።

አንድ ቦታ ላይ እንባዬ መጣ። ኦርፊየስ ሚስቱን ፍለጋ ወደ ሙታን ዓለም መውረድ ሲጀምር «ዌይት ፎር ሚ» የሚባል ዘፈን አለ። የፋብሪካ የሚመስሉ ትልልቅ መብራቶች ከላይ ይወርዳሉ። ከዚያ እንደ ዥዋዥዌ ይወዛወዛሉ፤ ወደ ተመልካቹ መጥተው ይመለሳሉ፣ እሱ በመሃላቸው እየዘፈነ ይሄዳል፣ ጥላው ይረዝማል ያጥራል፣ ግድግዳው ራሱ ይከፈታል። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ነው ያዩት።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። መብራቱ ከሙዚቃው ጋር ቅንጣት አይዛነፍም። ከበሮው ሲመታ አብሮ ይመታል፣ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ይጠብቀዋል። ይኼን የሚያደርገው ሰው ነው ወይስ ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ላይ ተሞልቶ ያለቀ ነው? ሰው ከሆነስ የት ነው የሚቀመጠው? ዞር ዞር ብዬ ፈልጌ አጣሁት። ደግሞ በሳምንት ስምንት ጊዜ ያንኑ ነገር እንዴት ሳይሳሳቱ ይደግሙታል?

ሰማያዊ አምፖል

የሰገነቷ ልጅ፣ ጥሩ ወንበር ነው የደረሰሽ። እኛ መብራት ላይ የምንሠራ ሰዎች ለራሳችን ትያትር ስንገባ ከላይ መቀመጥ ነው የምንወደው። እኔ ማንሃተን ውስጥ በአንድ ትያትር ቤት የኤሌክትሪክ ክፍል ነው የምሠራው።

አጭሩ መልስ፦ ኮምፒውተሩ ያስታውሳል፣ ሰው ያዘዋል።

ዲዛይነሩ ለእያንዳንዷ ቅጽበት የመብራት መልክ ይሠራል። የትኛው መብራት በስንት ፐርሰንት ይብራ፣ በምን ቀለም፣ ወደ የት ይዙር፣ ከቀድሞው መልክ ወደዚህኛው ለመሻገር ስንት ሰከንድ ይፍጅ። ይህ ሁሉ ተመዝግቦ ቁጥር ይሰጠዋል። ያንን ነው ኪው የምንለው። አንድ ትልቅ ሚዩዚካል በመቶ የሚቆጠሩ ኪዎች አሉት። ኮንሶሉ፣ ማለትም መብራቱን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር፣ ሁሉንም ይዟቸዋል፣ ግን መቼ መሄድ እንዳለባቸው በራሱ አያውቅም። የምታውቀው ትያትሩን ከጀርባ ሆና የምትመራው ስቴጅ ማናጀሯ ናት።

ከፊቷ ቃለ ተውኔቱና ኖታው ተዘርግቷል። ከፊት ለፊቷ ትናንሽ ስክሪኖች አሉ፤ አንዱ መድረኩን ያሳያል፣ አንዱ ኦርኬስትራ መሪውን፣ አንዱ ደግሞ በጨለማ የሚያይ ካሜራ ነው። ጆሮዋ ላይ ሄድሴት አለ። «መብራት 84፣ ተዘጋጅ» ትላለች። የኮንሶሉ ኦፕሬተር «መብራት» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ መስመሩ ጸጥ ይላል። ከዚያ «መብራት 84… ጎ!» ጣቱ የሚወርደው «ጎ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ለዚህ ነው በዚያ መስመር ላይ ያቺን ቃል ማንም ለሌላ ጉዳይ የማያነሳት። ስለ ሌላ ነገር ስናወራ ሌላ ቃል ፈልገን ነው።

አሁን አንቺ ወዳልሽው ልምጣ። ዘፋኙ ዛሬ ያቺን የመጨረሻ ድምፅ ግማሽ ሰከንድ ቢያስረዝማት፣ ስቴጅ ማናጀሯም አብራው ትቆያለች። «ትንፋሽ ሲወስድ ይጠብቀዋል» ያልሽው እሷን ነው። ጎበዟ ደግሞ «ጎ»ን የምትለው ከምቱ ትንሽ ቀደም ብላ ነው፤ ቃሉ ከአፏ ወጥቶ፣ የኦፕሬተሩ ጆሮ ገብቶ፣ ጣቱ እስኪወርድ ድረስ ጊዜ ይሄዳላ። ይኼን ማንም አያስተምራትም፣ ከዚያ ሰው ጋር እየሠራች ነው የምትለምደው። አንዳንድ በጣም ፈጣን ክፍሎች ላይ፣ ኦርኬስትራው ከተቀዳ ምት ጋር ሲጫወት፣ መብራቱን ታይምኮድ፣ ማለትም ከተቀዳው ድምፅ ጋር አብሮ የሚሄድ የሰዓት ምልክት፣ እንዲነዳው ይደረጋል። ያኔም ቢሆን አጠገቡ ሰው አለ።

ፎሎስፖቱ ግን ከእግር እስከ ራሱ የሰው ሥራ ነው። አንድን ተዋናይ እየተከተለ የሚያበራው መብራት ማለቴ ነው። አዳራሹ መጨረሻ፣ ከሁሉም በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ቆመው አሉ። ሰገነት ላይ ከነበርሽ ከጭንቅላትሽ በላይ ነበሩ፣ ለዚህ ነው ያጣሻቸው። ከባዱ ነገር መከተሉ አይደለም፣ ማንሳቱ ነው። ተዋናዩ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ቆሟል፤ መብራቱ ሲከፈት በቀጥታ ፊቱ ላይ መሆን አለበት፣ አንድ ክንድ ጎን ከሄደ አንድ ሺህ ሰው ያየዋል። ስለዚህ ብዙዎቹ መብራቱ ጎን ላይ ማነጣጠሪያ ያስራሉ። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ሁለት የታጠፈ ሽቦ በጥቁር ፕላስተር አስራ ነው የምትሠራው። ስንት ዓመት ነው፣ ስታ አታውቅም።

ጥላና ብርሃን

ሰማያዊ አምፖል በደንብ አስረድቶሻል። እኔ የመብራት ንድፍ ተማሪ ነኝ፤ ታሪኩን ልጨምርልሽ፣ በጣም የምወደው ታሪክ ስለሆነ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

«ሰው ነው ወይስ ኮምፒውተር» የሚለው ጥያቄ ብሮድዌይ ላይ የገባበት ዓመት ይታወቃል፤ 1975 ነው። ከዚያ በፊት መብራቱን የሚቆጣጠሩት ፒያኖ ቦርድ በሚባሉ ትልልቅ ሣጥኖች ነበር። ስሙን ያገኙት ፒያኖ የሚታሸግበትን ሣጥን ስለሚመስሉ ነው። ሣጥኑ ላይ ረጃጅም እጀታዎች ተደርድረዋል። ሰዎች ከመድረኩ ጎን ቆመው እነዚያን እጀታዎች በእጃቸው ከፍና ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ እጅ ሲያንስ በክርን፣ በጉልበት፣ በእግር። ሁለት እጅ ያለው ሰው በአንድ ጊዜ ስንት እጀታ ይስባል? ስለዚህ ዲዛይነሩ ምንም ቢያምረው፣ የመብራቱ ለውጥ ፍጥነት በሰዎቹ ጉልበት የተገደበ ነበር።

የመብራት ዲዛይነሯ ታሮን መስር «ኤ ኮረስ ላይን» የሚባለውን ሚዩዚካል ስትሠራ ማስታወስ የሚችል ኮንሶል ለመጀመሪያ ጊዜ ብሮድዌይ ላይ አስገባች። ሹበርት ትያትር ነው። ታሪኩ ባዶ መድረክ ላይ፣ አንድ ነጭ መስመር ላይ ተሰልፈው ሥራ ስለሚለምኑ ዳንሰኞች ነው። ቤት የለ፣ ዕቃ የለ። ዳንሰኛዋ አሁን የምትናገረው ለዳይሬክተሩ ነው ወይስ በልቧ የምታስበውን ነው የምንሰማው? ይኼን የሚለይልን መብራቱ ነው። አንድ እርምጃ ሳትራመድ ከውጭ ወደ ውስጧ እንገባለን፣ ከዚያ ባንድ ጊዜ ተመልሰን ልምምድ ክፍሉ ውስጥ ነን። እንዲህ ዓይነቱን ነገር በእጀታ የምትሠሪው አይደለም። በ1976 ቶኒ፣ የብሮድዌይን ትልቁን ሽልማት፣ ተሸለመችበት። ትያትሩ እስከ 1990 ድረስ 6,137 ጊዜ ታየ።

መስር ሦስት ቶኒ ነው ያላት። ሌሎቹ «ፎሊስ» እና «ድሪምገርልስ» ናቸው። «ድሪምገርልስ» ላይ መብራት የተሸከሙ ማማዎች ራሳቸው መድረኩ ላይ እየተንቀሳቀሱ ቦታውን ይቀያይሩት ነበር፤ መብራቱ ዕቃ ሆነ ማለት ነው። አንቺን ያስለቀሱሽን የሚወዛወዙ መብራቶች እኔ የማያቸው የዚያ ልጆች አድርጌ ነው። የ«ሄዲስታውን» መብራት ዲዛይነር ብራድሊ ኪንግ ነው፤ እሱም በ2019 ቶኒ ወስዶበታል።

የሰገነቷ ልጅ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ ያቺ ሽቦ ያሰረችው ሴትዮ ከአእምሮዬ አልጠፋ አለች።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ከላይ ሆኜ ስመለከት መድረኩ ጎንና ጎን፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ብርሃን አየሁ። ያ የትያትሩ ክፍል ነው? ሁለተኛ፣ ኮንሶሉ ቢበላሽስ? መሃል ላይ ቢቆም ምን ታደርጋላችሁ?

ሰማያዊ አምፖል

ሰማያዊው የእኛ ነው፤ ስሜንም ከዚያ ነው የወሰድኩት። ከመጋረጃው ጀርባ ሰው በጨለማ ይሮጣል፣ ልብስ ይቀይራል፣ ዕቃ ይገፋል። ደብዛዛ ሰማያዊ መብራት መንገዱን ያሳየዋል፣ ወደ ተመልካቹ ግን ብዙ አያመልጥም። ደረጃው ጫፍ ላይ ደግሞ በጨለማ የሚያበራ ፕላስተር ይለጠፋል።

ኮንሶሉን በተመለከተ፣ ሁለት ነው ያለን። ሁለተኛው የመጀመሪያውን እግር በእግር እየተከተለ ይጠብቃል። ከዚያ በፊት ግን ዋናው ነገር ምርመራው ነው። ሁልጊዜ፣ በሳምንት ስምንቱንም ጊዜ፣ ተመልካቹ ከመግባቱ በፊት መብራቶቹን አንድ በአንድ እናበራቸዋለን። አንድ፣ ጠፋ። ሁለት፣ ጠፋ። ሦስት… አንዱ ከታች ቆሞ ያያል። ይኼኛው ትናንት ከነበረበት ትንሽ ዞሯል፣ ያኛው አምፖሉ ተቃጥሏል፣ የዚያኛው ጄል ነትቧል። ጄል ማለት መብራት ፊት የሚገባው ባለቀለም ስስ ፕላስቲክ ነው። ጥቁር ሰማያዊው ቶሎ ነው የሚሞተው፤ አብዛኛውን ብርሃን አፍኖ ስለሚያስቀር ሙቀቱ መሃሉን ያነጣዋል። አውጥተሽ ወደ ብርሃን ብታይው መሃሉ ላይ እንደ ደመና የነጣ ክብ አለ።

አሁን ስለ መበላሸቱ። ከዓመታት በፊት፣ ሌላ ቤት ስሠራ፣ ሁለተኛው ክፍል ላይ፣ አንዲት ተዋናይ ብቻዋን ቆማ ቀስ ያለ ዘፈን እየዘፈነች ኮንሶሉ ደረቀ። ቀጥሎ የሚመጣው ኪው አልሄድ አለ። መድረኩ በዚያችው ሰማያዊ መልክ ላይ ቀረ፣ ፊቷ ላይ መምጣት የነበረበት ብርሃን አልመጣም። ስቴጅ ማናጀሯ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «ስፖት አንድ፣ ያዣት። አትልቀቂያት» አለች። ስፖት አንድ፣ ማለትም የመጀመሪያውን ፎሎስፖት የያዘችው ልጅ፣ የተዋናይዋን ፊት አገኘችው፣ ትንሽ ክብ፣ ራሷንና ትከሻዋን ብቻ። እኛ ወደ ሁለተኛው ኮንሶል እስክንሻገር ድረስ ያንን ዘፈን ብቻዋን ተሸክማ ቆየች። ለእኔ አንድ ዓመት መስሎኝ ነበር። ሲያልቅ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ተመልካቹ እንዲሁ የተሠራ ነው የመሰለው። እንዲያውም ዲዛይነሩ በኋላ ሲሰማ ያንን ትንሽ ክብ አስገብቶ አስቀረው።

የኋላ ወንበር

ልጆች፣ ደስ የሚል ወሬ ነው የያዛችሁት። ዕድሜዬ ከእናንተ ሳይበልጥ አይቀርም። ብሮድዌይ መመላለስ የጀመርኩት «ፋንተም» (ሙሉ ስሙ «ዘ ፋንተም ኦቭ ዘ ኦፔራ» የሆነው ሚዩዚካል) ገና አዲስ ሳለ ነው። ማጀስቲክ ትያትር ከጃንዋሪ 1988 እስከ ኤፕሪል 2023፣ 13,981 ጊዜ ታይቷል፤ እኔ ስድስት ጊዜ ነው ያየሁት። ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ወደቀው ቻንደለር ነው። እኔ የማልረሳው ጨለማውን ነው። አንድሩ ብሪጅ የሠራው መብራት ግማሹ ጨለማ ነበር ማለት ይቻላል። ጀልባዋ ስትመጣ ሻማዎቹ ከወለሉ ውስጥ ብቅ ብቅ ይላሉ፤ ውሃ የለም፣ ጭስ ብቻ ነው፣ ግን ውሃ ነበር ብለህ ትምላለህ።

አሁን አሁን ግን አንድ ነገር ቅር ይለኛል። ኤልኢዲ ከመጣ ወዲህ የተዋናዮቹ ፊት የቀዘቀዘ ይመስለኛል። የድሮው መብራት ሲደበዝዝ ፀሐይ እንደምትጠልቅ ነበር። የአሁኑ ዝም ብሎ ይቀንሳል። ሌላው ደግሞ ስክሪኑ ነው። በየሄድኩበት ቪዲዮ። ሰው ለማየት ገብቼ ፊልም አይቼ መውጣት አልፈልግም። ተሳስቼ ከሆነ አስረዱኝ።

ጥላና ብርሃን

ጋሼ፣ የመጀመሪያው ላይ ትክክል ነዎት፣ ዓይንዎ አልተሳሳተም። የድሮው አምፖል ውስጥ የሚግል ሽቦ አለ። ኤሌክትሪኩ ሲቀንስ ሽቦው ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ብርሃኑ ከነጭ ወደ ብርቱካንማ፣ ከዚያ ወደ ፍም ቀይ ይሄዳል። ፀሐይ መጥለቅ ያሉት ያ ነው። ኤልኢዲ ሽቦ ስለሌለው ሲቀንስ ቀለሙ አይለወጥም። ጥሩ ዲዛይነሮች ይኼን ስለሚያውቁ ሲደበዝዝ አብሮ እንዲሞቅ አድርገው ያዙታል። ካልታዘዘ ግን እርስዎ እንዳሉት ነው። በሌላ በኩል ያ የነተበ ሰማያዊ ጄል ቀረ፣ አንዱ መብራት በአንድ ምሽት ሃምሳ ቀለም ይሆናል፣ የሚበላው ኤሌክትሪክም በጣም ያነሰ ነው። እኔ ሁለቱንም ነው የምፈልገው።

ስክሪኑ ላይ ግን ልከራከርዎት። ሴንት ጄምስ ትያትር የነበረውን «ሰንሴት ቡሌቫርድ» አይተውታል? ዳይሬክተሩ ጄሚ ሎይድ ነው። መድረኩ ባዶና ጥቁር፣ በጭስ የተሞላ፣ ትልቅ ስክሪንም ነበረው፤ ቶም ፍራንሲስ እየዘፈነ ከትያትሩ ወጥቶ 44ኛው መንገድ ላይ ሲሄድ ካሜራ ይከተለው ነበር። ይኼን ሲሰሙ እንደሚጠሉት አውቃለሁ። ነገር ግን የመብራት ቶኒውን በ2025 የወሰደው ጃክ ኖውልስ ያንን ጭስ እንደ ግድግዳ ነው የተጠቀመበት። ዕቃ ስለሌለ ቦታውን ሁሉ የሠራው በብርሃን ነው። እኔ «ፋንተም» ላይ ስለነበረው ጨለማ የነገሩንን እዚያ አግኝቼዋለሁ።

የኋላ ወንበር

አላየሁትም። ስክሪን አለው ሲሉኝ ነው የተውኩት፣ አሁን አንቺ ስትነግሪኝ ቆጨኝ። ያ የሚሞቀው ሽቦ ነገር ግን ለብዙ ዓመት ሲከነክነኝ የኖረ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ።

የሰገነቷ ልጅ

እኔስ ቀጥሎ ምን ልይ? መብራቱን ብዬ ብቻ የምገባበት አንድ ትያትር ንገሩኝ። አሁን ዓይኔ ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

ጥላና ብርሃን

«ዘ አውትሳይደርስ»ን እዪ። በርናርድ ቢ. ጃኮብስ ትያትር ነው፣ 45ኛው መንገድ ላይ። በ2024 ምርጥ ሚዩዚካል ተብሏል፣ የመብራቱን ቶኒ ደግሞ ብራያን ማክዴቪትና ሃና ኪም በጋራ ወስደዋል። ሁለቱ የልጆች ቡድኖች ዝናብ ውስጥ የሚደባደቡበት ትዕይንት አለ። እውነተኛ ውሃ ነው የሚወርደው። ብርሃኑ ብልጭ ሲል አንድ ቡጢ ታያለሽ፣ ይጠፋል፣ ብልጭ ሲል ሰውየው መሬት ላይ ነው። ብዙውን ድብድብ ዓይንሽ ነው የሚሞላው።

ሰማያዊ አምፖል

እኔም ያንን ነው የምልሽ። ቲኬቱ እንዳይከብድሽ ታይምስ ስኩዌር፣ ቀዩ ደረጃ ሥር ያለው ቲኬቲኤስ የሚባል የቲኬት መሸጫ ጋ በዕለቱ በቅናሽ የሚሸጡትን ጠይቂ፤ ሁልጊዜ ሁሉም ትያትር አይገኝም፣ ከሌለ ትያትር ቤቱ መስኮት ራሱ ሂጂ። አሁንም ከላይ ተቀመጪ።

ስትገቢ አንድ ነገር ብቻ ልብ በዪ። ውሃ ከፊት ሲበራበት እምብዛም አይታይም፣ ብርሃኑ አልፎት ይሄዳል። ጭስም እንደዚያው ነው። ዝናብ ዝናብ የሚሆነው ከጀርባው ሲበራ ነው። ስለዚህ ድብድቡ ሲጀመር ልጆቹን ተያቸውና ለአንዲት ሰከንድ ከመድረኩ ጀርባ ወደ ላይ እዪ፣ ወደ አንቺ የዞሩትን መብራቶች ታገኛቸዋለሽ። ከዚያ ቶሎ ወደ ልጆቹ ተመለሺ።

የሰገነቷ ልጅ

ቆረጥኩ! ሐሙስ ማታ ነው፣ ከላይ፣ የመጀመሪያው ረድፍ፣ መሃል ላይ። ለአስተናጋጇ የፎሎስፖት ክፍሉ የት እንደሆነ አስቀድሜ እጠይቃታለሁ። እንደወጣሁ መጥቼ እነግራችኋለሁ።